«ቤቱ ጥቁር ነው»፦ ስለ ሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር የተሠራ አንድ ፊልምና የተናጋሪው ጥያቄ

ከሕዝቡ ማኅበራዊ ኑሮ ተለይተው ዳር እንዲቆሙ የተደረጉ ሰዎችን በዘጋቢ ፊልም ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ፊልም የሚመረምር ሁሉ ከመጀመሪያው አንድ ጥያቄ ያጋጥመዋል፤ ይኸውም በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው የሚል ነው። የሚታየው ፊት የእነዚያ ሰዎች ነው፤ እጁም፥ ቤቱም፥ የለበሱት ጨርቅም የነሱ ነው። የሚሰማው ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ስፍራ የመጣ ነው። ፊትና ቃል በአንድነት ሲቀርቡ ግን ተመልካቹ ሁለቱም ከአንድ ሰው የወጡ ይመስሉታል። ኢራናዊቱ ባለቅኔ ፎሩግ ፋሮኽዛድ በ1962 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የሠሩት «ቤቱ ጥቁር ነው» የተባለው አጭር ፊልም ይህን ነገር ለመመርመር እጅግ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም በ22 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ የዚህን ዐይነት ሥራ ጕድለቱንም ሙያውንም አጣምሮ ይዞ ይገኛል።

ፊልሙ የተቀረጸው በሰሜን ምዕራብ ኢራን፥ በታብሪዝ ከተማ አጠገብ፥ ባባ ባጊ በሚባለው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ነው። ሥራውን ያዘዘው ሕሙማኑን ለመርዳት የቆመ ማኅበር ሲሆን፥ ያሠራው የደራሲውና የፊልም ሠሪው የኢብራሂም ጎለስታን ስቱዲዮ ነው። ፎሩግ ወደዚህ ስቱዲዮ የገቡት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ አስቀድሞም በግጥም መጻሕፍታቸው የታወቁ፥ በግጥማቸው ግልጽነት ምክንያት ግን በአገራቸው ብዙ የተወቀሱ ሴት ነበሩ። የፊልምን ሙያ የተማሩት በዚያው ስቱዲዮ ሲሆን፥ በነዳጅ ጕድጓድ ላይ ስለ ተነሣ ቃጠሎ ጎለስታን የሠሩትን ፊልም ያቀናበሩት እርሳቸው ናቸው። ወደ ባባ ባጊ ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ሄደው ቀረጻውን በ12 ቀን ፈጸሙ። ፊልሙ በ1963 ዓ.ም. በምዕራብ ጀርመን በኦበርሃውዘን ከተማ በሚደረገው የአጫጭር ፊልሞች ውድድር ተሸለመ። በ1967 ዓ.ም. ገና በ32 ዓመታቸው በመኪና አደጋ ስለ ሞቱ፥ በፊልም ሠሪነት ስማቸው የሚጠራበት ሥራ ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ከመንደሩ ሲመለሱ ወላጆቹ ሕሙማን የሆኑትን አንድ ሕፃን ይዘው ሄደው ማሳደጋቸውን ሐያስያን ደጋግመው ያነሡታል። ነገሩ ስለ ሴቲቱ ልብ ብዙ ይናገራል፤ ስለ ፊልሙ ግን የሚያስረዳው የለም።

ፊልሙ የሚጀምረው በጨለማ ነው። ምንም ሥዕል ሳይታይ የወንድ ድምፅ ይሰማና፥ በዓለም ላይ መልከ ጥፉ ነገር መኖሩን፥ ሰው ዐይኑን ቢጨፍን ደግሞ ይህ ነገር የሚብስ መሆኑን ተናግሮ፥ የሚታየው ሁሉ የቀረበው ለመድኀኒትና ለርዳታ ታስቦ እንደ ሆነ ያስታውቃል። ከዚህ ቀጥሎ ራሷን የተከናነበች ሴት በመስተዋት ፊቷን ስትመለከት ትታያለች፤ ካሜራውም ቀስ እያለ ወደ መስተዋቱ ይቀርባል። ይህ አጀማመር በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ድምፁ ተመልካቹን «እይ» ብሎ ያዘዋል፤ ዳሩ ግን በፊልሙ ውስጥ አስቀድማ የምታየው ሴቲቱ ራሷ ናት። የተበላሸውን ፊት ተመልካቹ የሚያገኘው እርሷ ከምታየው መስተዋት ውስጥ ነው። እንግዲህ ሥዕሉና ቃሉ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አንድ መንገድ አልያዙም።

ያው የወንድ ድምፅ ወደ መካከሉ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ጊዜ የሚናገረው እንደ ሐኪም ነው፤ ደዌው ተላላፊና ሥር የሰደደ መሆኑን፥ ነገር ግን መድኀኒት የሌለው አለመሆኑን፥ ከድኽነት ጋር አብሮ የሚሄድ መሆኑን ያስረዳል። ሥዕሉም የሐኪሞችን እጅ፥ መሣሪያውን፥ የሚታሸውን ጣት ያሳያል። ይህ ክፍል ማኅበሩ ያዘዘው ሥራ የተፈጸመበት ስለ ሆነ ብዙ አያከራክርም። የደዌውን ተሕዋስ ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን ያገኙት በ1873 ዓ.ም. ነበርና፥ ዳፕሶን የተባለውም መድኀኒት ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ይሰጥ ነበርና፥ በ1962 ዓ.ም. ይህን መናገር እውነትም ተገቢም ነበር።

የሚያከራክረው የሴቲቱ ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ የፎሩግ የራሳቸው ነው። ከብሉይ ኪዳን መጻሕፍት የተወሰደውን የልቅሶና የጸሎት ቃል ከራሳቸው ግጥም ጋር አዋሕደው በዝግታ ያነቡታል። ንባቡ የሚያምር መሆኑን የሚክድ የለም፤ በውጭ አገር የሚገኙ ሐያስያንም ፊልሙን ከምንም በላይ ያመሰገኑት በዚህ ምክንያት ነው። ዳሩ ግን በዚያ ንባብ ውስጥ «እኔ» እያለ የሚጮኸው ማን እንደ ሆነ የጠየቁት ጥቂቶች ናቸው። በመዝሙርና በኢዮብ መጽሐፍ «እኔ» የሚለው ሰው መከራውን ራሱ የተቀበለ ነው። በፊልሙ ግን መከራውን የተቀበሉት ሰዎች አፋቸው ተዘግቶ ይታያል፤ «እኔ» የሚለው ቃል ከቴህራን የመጣች ጤነኛ ሴት ቃል ነው። እርግጥ ባለቅኔዋ ይህን ያደረጉት በትዕቢት አይደለም። በአገራቸው የተወገዘች ሴት ሆነው ስለ ኖሩ፥ የተወገዙትን ሰዎች ልቅሶ የራሳቸው አድርገው እንደ ተቀበሉት ይታመናል። ቢሆንም የራስን ልቅሶ በሌላ ሰው ፊት ላይ ማስቀመጥ ያንን ሰው ማናገር አይደለም።

ይህ ነገር በጕልህ የሚታይበት አንድ ትዕይንት አለ። አንድ ሰው ከግንብ ጥግ ይመላለሳል፤ እየሄደ ግንቡን በእጁ ይነካል። የሴቲቱም ድምፅ የሳምንቱን ቀኖች በየተራ ትቈጥራለች፤ ከዚያም እንደ ገና ትጀምራለች። የሰውየው እርምጃና የቀኖቹ ስም አንድ ምት ስላላቸው፥ ተመልካቹ የሚቈጥረው ሰውየው ራሱ ይመስለዋል። ሰውየው ምን እያሰበ ይመላለስ እንደ ነበር ግን አይታወቅም። ምናልባት ለጸሎት የሚሄድበት ሰዓት እስኪደርስ ይጠብቅ ይሆናል፤ ምናልባት እግሩን ለማፍታታት ሐኪም አዞት ይሆናል። የቀኖቹ ቈጠራ የእርሱ ኑሮ ባዶ ነው የሚል ፍርድ ነው፤ ፍርዱንም የሰጡት በመንደሩ የ12 ቀን እንግዳ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ፍርድ ጋር የማይስማማው ምስክር የፊልሙ ሥዕል ራሱ ነው። የባሕል ተመራማሪ ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ረስቶ የሚታየውን ብቻ ቢከተል፥ የሚያገኘው ልቅሶን ብቻ ሳይሆን ሥርዐት ያለውን ማኅበራዊ ኑሮ ነው። በመስጊድ የሚሰግዱ ወንዶች አሉ፤ ጣት የሌለው እጅ ወደ ላይ ይዘረጋል። ጠጕር የሚያበጥሩ ሴቶች አሉ። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ልጅ የምታጠባ እናት አለች። ከሁሉም ይልቅ ሠርግ አለ፤ ሙሽራዪቱን ይኳኩሏታል፥ ከበሮ ይመታል፥ ይጨፈራል። ስለዚህ በባባ ባጊ ሰው ሰውን ያገባል፥ ያስተምራል፥ ያስጌጣል፥ ይሰግዳል። ከሕዝብ ተለይቶ የወጣው ማኅበር ያንኑ የሕዝቡን ልማድ ይዞ ወጥቷል፤ ከተለየ በኋላም አላፈረሰውም። ፎሩግ ይህን ሁሉ አይተዋል፤ ካሜራቸውም ሳይሸሽ፥ ሳያፌዝም ቀርጾታል። ሠርጉን የሚያሳየው ክፍል ለባሕል ጥናት ብዙ ገጽ ያለው ጽሑፍ ያህል ይጠቅማል። ነገር ግን ሙሽሮቹ ከየት እንደ መጡ፥ ማን እንደ ዳራቸው፥ ጥሎሽ ይኑር አይኑር፥ ከውጭ የመጣ ዘመድ መኖር አለመኖሩን ፊልሙ አይናገርም። ለቅኔው የተሰጠው ጊዜ ሲሶው እንኳ ለዚህ ቢሰጥ ኖሮ፥ የመንደሩ ሰዎች በተመልካቹ ዘንድ ጎረቤት ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

የተናጋሪውን ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርግ አንድ የአገር ልማድ አለ፤ ይኸውም የላሊበሎች፥ በአንዳንድ አገር ደግሞ ሐሚና የሚባሉት ሰዎች ዜማ ነው። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ ከሰው ደጅ ቆመው እያዜሙ የሚለምኑ ናቸው። ልመናውን ብንተው ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምናሉ እየተባለ ይነገራል፤ ስለዚህ ዜማው ለነሱ ከደዌው መጠበቂያም ነው። ከባባ ባጊ ሰዎች ጋር አንድ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ላሊበሎች የደዌው ሕሙማን አይደሉምና። የሚነጻጸረው የንግግሩ ሥርዐት ነው። ላሊበላ ወደ ደጅ ከመምጣቱ በፊት የባለቤቱን ስምና ኑሮ ከጎረቤት ጠይቆ ይረዳል፤ ሲያዜምም ያንን ስም በግጥሙ ውስጥ ያገባዋል። ፊቱ በሻማ ስለ ተሸፈነና ጊዜው ገና ጨለማ ስለ ሆነ አይታይም። ባለቤቱ ግን በስሙ ተጠርቷል፤ ቢሰጥ ይመረቃል፥ ዝም ቢል ነቀፌታና ርግማን ይከተለዋል። እንግዲህ በደጅ የቆመው ሰው ድምፅ አለው፥ ፊት የለውም፤ በቤት ውስጥ ያለውም ሰው ለፍርድ ቀርቧል። በፎሩግ ፊልም ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ከደጅ ውጪ ያለው ሰው ፊት እንጂ ድምፅ የለውም። ተመልካቹም በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ስሙን የሚጠራው፥ የሚመርቀው፥ የሚረግመው ሰው አያገኝም። ያዝናል፤ ካዘነም በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በኢራን የነበሩ አንዳንድ ተመልካቾች ፊልሙን በሌላ መንገድ ተረድተውታል። በነሱ አተረጓጐም መንደሩ በሻህ አገዛዝ ሥር የነበረችው ኢራን ምሳሌ ነው፤ የሚዘጋውም በር የአገሪቱ በር ነው። ይህ ትርጓሜ በዚያን ጊዜ ለነበረው የተማረ ሰው ያጽናና ይሆናል፤ ለሕሙማኑ ግን ጕዳት ነው። አንድ ጊዜ ደዌው ከቤታቸው አስወጥቷቸዋል፤ ምሳሌው ደግሞ ከራሳቸው ታሪክ አስወጥቶ የሌላ ነገር መግለጫ ያደርጋቸዋል።

እንዲህ ያለውን ምሳሌ የማድረግ ልማድ ከፎሩግ አስቀድሞ የሠራበት ስፔናዊው ሉዊስ ቡኑኤል ነው። በ1933 ዓ.ም. በምዕራብ ስፔን በኤክስትሬማዱራ አውራጃ ላስ ኡርደስ በሚባለው ደኻ ተራራማ አገር የተቀረጸው ፊልሙ ዛሬም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይታያል። ለሥራው መነሻ የሆነው ሞሪስ ለዣንድር የተባለው ፈረንሳዊ በ1927 ዓ.ም. ስለዚያ አገር ያወጣው ጥናት ነበር፤ ገንዘቡም የተገኘው ራሞን አሲን የተባለ ወዳጁ ከደረሰው ሎተሪ ነው። የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ፊልሙ እንዳይታይ ከለከለው። ትረካው ቀዝቃዛና ጨካኝ ነው። ፍየሏ ከገደል ስትወድቅ የጠመንጃ ጢስ በሥዕሉ ዳር መታየቱን አስተውለው ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል፤ ቡኑኤል ያገሩን ሰዎች ለክርክሩ እንደ ተጠቀመባቸው ይህ ብቻውን ያሳያል።

ሁለቱን ፊልሞች በእውነት የሚያገናኛቸው ግን ፍየሏ አይደለችም፤ ጥቁር ሰሌዳው ነው። በላስ ኡርደስ ትምህርት ቤት ባዶ እግራቸውን የተቀመጡ ልጆች ጂኦሜትሪ ይማራሉ፤ ከነሱ አንዱ ተነሥቶ የሰውን ንብረት ማክበር እንደሚገባ የሚያዝዘውን ምክር በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ምንም ንብረት የሌለው ልጅ ባለንብረቶች የደረሱትን ቃል ይጽፋል። ቡኑኤል ይህን ያሳየው በመንግሥቱ ትምህርት ላይ ለማላገጥ ነው፤ ላግጡም ልክ ነው። ነገር ግን ልጁ በዚያ ሰሌዳ ላይ የጻፈው የሰው ቃል ነው፤ ከርሱም ሌላ ነገር የጠየቀው የለም።

በባባ ባጊ ትምህርት ቤት ግን ይጠየቃል። በመጀመሪያ ልጆቹ እጅና እግር፥ ዐይንና ጆሮ ስለ ሰጣቸው ፈጣሪን የሚያመሰግን ንባብ ያነባሉ፤ ይህ እንደ ስፔኑ ምክር ከውጭ የመጣ ቃል ነው፥ የሚያነቡትንም እጆች ተመልካቹ ያያል። ወደ ፍጻሜው እንደ ገና ወደ ክፍሉ ሲመለሱ መምህሩ ጥያቄ ይጀምራል። ስለ አባትና እናት ለምን ፈጣሪን እናመሰግናለን ብሎ ሲጠይቅ፥ አንዱ ልጅ ሁለቱም ስለሌሉት እንደማያውቅ ይመልሳል። የሚያምሩ ነገሮችን ጥራ የተባለው ጨረቃን፥ ፀሓይን፥ አበባን፥ ጨዋታን ይጠራል። መልከ ጥፉ ነገሮችን ጥራ የተባለው ደግሞ እጅ፥ እግር፥ ራስ ብሎ ይመልሳል፤ በዚህ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ይሥቃል።

ስለዚህ ሣቅ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የክፍሉ ትዕይንት አስቀድሞ ተሰናድቶ የተቀረጸ መሆኑ ከካሜራው አቀማመጥና ከቅንብሩ ይታወቃል፤ መልሶቹም የተጠኑ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ይህም የባለቅኔዋ ቃል እንጂ የልጆቹ አይደለም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ከመሠረቱ ስሕተት አይደለም። ሆኖም መልስ ሊጠና ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሣቅ ግን በጥናት አይመጣም። ልጆቹ የሚሥቁት መልሱ እውነት ስለ ሆነ፥ መምህሩም ይህን ለመስማት ያልተዘጋጀ ስለሚመስል ነው። ሰው በራሱ ሰውነት የሚቀልደው ከወዳጆቹ ጋር ሲሆን ነው፤ በሰው ፊት ሲሆን ግን ይሸፋፍነዋል። ስለዚህ ለጥቂት ሴኮንድ ያህል ካሜራው ከእንግድነት ወጥቶ በወዳጅነት ተቈጥሯል። ያ ሁሉ የብሉይ ኪዳን ንባብ ያላገኘውን ነገር ይህ ሣቅ አግኝቶታል። የፊልሙ ዕድሜ የረዘመው በዚህ ትዕይንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ መምህሩ አንዱን ልጅ «ቤት» የሚል ቃል የሚገኝበትን ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ያዝዘዋል። ልጁ በሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ያስባል። በዚህ መካከል ሥዕሉ ይለወጥና ሕሙማኑ በብዛት ሆነው ወደ ካሜራው ሲመጡ ይታያል፤ እነርሱም ሳይደርሱ በሩ ይዘጋል፤ በበሩ ላይ የሕሙማኑ መንደር መሆኑ ተጽፏል። ከዚህ በኋላ ልጁ ጠመኔውን ይዞ የፊልሙን ስም ይጽፋል።

የበሩ ሥዕል ኀይለኛ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይሰውራል። ካሜራው የቆመው በውጭ በኩል ነው፤ በሩን የዘጋው ማን እንደ ሆነ አይታይም። ፊልሙ በመካከሉ ድኽነትን ከሷል፤ ድኽነት ግን በር አይዘጋም። በር የሚዘጋው ዘመድ፥ ጎረቤት፥ የመንደር ሽማግሌ፥ የጤና ሹም ነው። እነዚህ ሰዎች በፊልሙ ውስጥ የሉም። መድኀኒቱ ብቻውን በሩን እንደማይከፍተው ከአዲስ አበባ ታሪክ መረዳት ይቻላል። በ1965 ዓ.ም. በዘነበ ወርቅ አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል ከተቋቋመ በኋላ፥ ይልቁንም የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ዓ.ም. የብዙ መድኀኒቶችን ቅንጅት ካዘዘ ወዲህ፥ ደዌው በአገሪቱ እጅግ ቀንሷል። ብዙዎቹ የዳኑ ሰዎች ግን ወደ ተወለዱበት መንደር ሳይመለሱ በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፍረው ቀሩ። ደዌው በዘር ይወርዳል የሚለው እምነት ለጋብቻ እንቅፋት ሆኖ ከልጆቻቸው ላይ ሳይቀር አርፏል። እንግዲህ ከሐኪሙ ማስረጃ በኋላ የሚቀረው ሥራ የባሕል ተመራማሪው ነው፤ ፎሩግ ይህን ሥራ ለቅኔው ትተውታል።

ስለ ፊልሙ ስም አንድ ነገር ይቀራል። በፋርስ ቋንቋ ልጁ የጻፈው ዐረፍተ ነገር ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ቤቱ የማን እንደ ሆነም አያመለክትም። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ግን «ቤት» ብሎ ዝም ማለት ስለማይሆንለት «ቤቱ» ይላል። አማርኛ ደግሞ በዚህ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንደኛው የታወቀው ያ ቤት ማለት ሲሆን፥ ሁለተኛው የእርሱ፥ የዚያ ሰው ቤት ማለት ነው። ሐያስያን እስከ ዛሬ የተከተሉት የመጀመሪያውን ነው፤ ቤቱ አገር ነው፥ ቤቱ ዓለም ነው፥ ቤቱ የሰው ነፍስ ነው እያሉ ተርጕመውታል። ልጁ በሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ብዙ ያሰበው ስለ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል፤ ወላጆቹ ስለሚኖሩበት ወይም ስለ ኖሩበት፥ ግድግዳው በጢስ ስለ ጠቈረው ስለ አንድ ጎጆ።